የነገሥታቱን መልክ ያቆየልን ባለሙያ
(የፎቶግራፍ አንሺው የሙሴ ቤድሮስ ቦያጂያን አጭር የሕይወት ታሪክ)

ከመካከላችን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን መልክ የማያውቅ ወጣት አለ ለማለት ያስቸግራል። ሰፊውን ባርኔጣቸውን፣ ከባርኔጣው ሥር በሻሽ የታሰረውን ራሳቸውን፣ ጢማቸውንና ካባቸውን በትምህርት መጻሕፍትና በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየነው ነው። የንግሥት ዘውዲቱን መልክም እንዲሁ እናውቃለን። የልጅ ኢያሱንም የወጣትነት ፊት እናስታውሳለን። እነዚህን ሁሉ እናውቃቸዋለን የምንለው አግኝተናቸው ሳይሆን ፎቶግራፋቸውን አይተን ነው። ታዲያ እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ከጥቁር ጨርቅ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ የተመለከታቸው ሰው ማን እንደ ሆነ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

በርግጥ በዚያ ዘመን የነገሥታቱን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሙያውን መተዳደሪያው አድርጎ፣ በአዲስ አበባ ኖሮ፣ በቤተ መንግሥቱ ታምኖ ለሃያ ዓመታት ያህል የሠራ፣ ከእርሱም በኋላ ሥራውን ለልጆቹ ያስተላለፈ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ቤድሮስ ቦያጂያን ይባላል። በዚያ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ሙሴ እየተባለ ይጠራ ስለ ነበር እኛም በዚሁ ልማድ ሙሴ ቤድሮስ እንላቸዋለን። ይህች በስቴንስል የምትባዛ መጽሔታችን ፎቶግራፍ ለማተም አቅም የላትም። ስለዚህ የፎቶግራፍ አንሺውን ሕይወት በቃል ብቻ ለመሳል እንሞክራለን።

ከዲያርበክር እስከ ሸዋ

ሙሴ ቤድሮስ አርመናዊ ናቸው። የተወለዱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ዛሬ በቱርክ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በዲያርበክር ከተማ ነው። ዲያርበክር በጤግሮስ ወንዝ አጠገብ፣ በጥቁር ድንጋይ ግንብ የተከበበች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያ ጊዜ በኦቶማን መንግሥት ሥር የነበረች ሲሆን፣ አርመኖች፣ ሶርያውያን፣ ኩርዶችና ቱርኮች አብረው ይኖሩባት ነበር። አርመኖቹ በሐር ሥራ፣ በመዳብ ሥራና በወርቅ አንጥረኝነት የታወቁ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ።

አርመኖች ክርስትናን ቀድመው ከተቀበሉት ሕዝቦች አንዱ መሆናቸው ይታወቃል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እንደ ግብጽ፣ እንደ ሶርያና እንደ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። በዚህ ምክንያት በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያንና አርመኖች ለብዙ ዘመናት በጉርብትና ኖረዋል። እንግዲህ አንድ አርመናዊ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በቋንቋና በመልክ ባዕድ ቢሆንም በሃይማኖት ረገድ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

የዲያርበክር አርመኖች ኑሮ ግን የሰላም ኑሮ ሆኖ አልቆየም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 በኅዳር ወር በከተማይቱ ታላቅ እልቂት ደረሰ፤ ገበያውም በእሳት ጋየ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1915 ደግሞ በመላው የኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ጊዜ፣ የዲያርበክር አርመኖች ከቤታቸው እየተነዱ አለቁ። ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ሙሴ ቤድሮስ በከተማይቱ አልነበሩም። በአዲስ አበባ ከካሜራቸው ጀርባ ቆመው የሌላ ሕዝብ መልክ እንዳይጠፋ ይሠሩ ነበር። የተወለዱባት ከተማ የወገኖቻቸውን መልክ ስታጣ እርሳቸው የኛን ሰዎች መልክ ለትውልድ እያቆዩ እንደ ነበረ ስናስብ ነገሩ ልብ ይነካል።

ሙሴ ቤድሮስ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1898 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ የመጣ መንገደኛ ሁሉ በድሬዳዋ ከባቡር ወርዶ፣ ዕቃውን በበቅሎና በግመል አስጭኖ፣ ብዙ ቀን በመንገድ ላይ ሲያድር ከርሞ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። ጨው የጫነ ነጋዴ ዕቃው ቢወድቅበት አንሥቶ ይጭነዋል። ፎቶግራፍ አንሺ ግን ዕቃው መስተዋት ነው። በዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ምስል የሚቀረጸው እንደ ኋላው ዘመን በፊልም ላይ ሳይሆን መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ነበርና፣ አንድ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ብትደናቀፍ የብዙ ወር ሥራ በአንድ ጊዜ ሊሰባበር ይችል ነበር።

ያገኟት ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ከተማ ነበረች። ነገር ግን ያቺ ወጣት ከተማ በአዲስ ነገር የተሞላች ነበረች። ሙሴ ቤድሮስ በመጡበት በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ ከተማይቱ ገባ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ተቋቋመ። እቴጌ ጣይቱም ሆቴላቸውን ከፈቱ። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ የፎቶግራፍ ሙያ ከባንኩ፣ ከአውቶሞቢሉና ከትምህርት ቤቱ ጋር እኩል የገባ የአዲሱ ዘመን ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሙሴ ቤድሮስ በፊት የመጡ አርመኖችም ነበሩ። ከነርሱ አንዱ ዲክራን ኤበያን ለቤተ መንግሥቱ ዘውድ የሠሩ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ሰርኪስ ተርዚያን ደግሞ በእንፋሎት የሚሄደውን መንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ያስመጡ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ መኪናውን የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰይሞታል። አፄ ምኒልክ ባለሙያ ሲያገኙ ዘሩን ሳይሆን ሙያውን የሚያዩ ንጉሥ እንደ ነበሩ ከዚህ መረዳት እንችላለን።

ፎቶግራፍ ራሱ ግን ለኢትዮጵያ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን አስከትሎ መጥቶ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዚያው ዓመት ዩልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አንሥታዋለች። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው የሕፃኑ ዓይን እስከ ዛሬ ተመልካችን ያሳዝናል። አገሩንና ወላጆቹን ያጣ ልጅ በሰው አገር ተቀምጦ የተነሣው ምስል ነውና። ከዚያ በኋላ የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶግራፎችን አንሥተዋል። ንጉሡም ቢሆኑ የምስልን ጥቅም አስቀድመው የተረዱ ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የርሳቸውን መልክ ይዘው ወጥተዋል። እንግዲህ ሙሴ ቤድሮስ የደረሱት ምስል ዋጋ እንዳለው ወደሚያውቅ ቤተ መንግሥት ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራ ነበር?

ዛሬ በኪሳችን የያዝነውን የእጅ ስልክ አውጥተን በአንድ ደቂቃ ሃያ ፎቶግራፍ እናነሣለን። የሙሴ ቤድሮስ ሥራ እንዲህ አልነበረም። ካሜራው በሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ፊትና ኋላው እንደ ወናፍ በሚታጠፍና በሚዘረጋ ጨርቅ የተያያዘ ትልቅ ሣጥን ነው። ባለሙያው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከበስተኋላ ሲመለከት፣ በፊቱ የተቀመጠው ሰው በደበዘዘ መስተዋት ላይ ተዘቅዝቆ፣ ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታየዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ እንዲሁ ነው የሚታዩት። ምስሉ ጥርት እስኪል ድረስ ካስተካከለ በኋላ ብርሃን ያልነካውን መስተዋት ከሣጥኑ ውስጥ ያስገባል፤ የዓይኑን ክዳን ይከፍታል፤ ቆጥሮም መልሶ ይዘጋል።

በቤት ውስጥ ብርሃን የሚነሣ ሰው ለአንድ ወይም ለብዙ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በአሮጌ ፎቶግራፎች ላይ ሰዎች ሁሉ ኮስተር ያሉት ስለ ተቆጡ አይደለም። ፈገግታን ሳያንቀሳቅሱ ይዞ መቆየት ስለሚያስቸግር ጭምር ነው። ቢያስነጥሱ ወይም ዝንብ ለማባረር እጃቸውን ቢያነሡ መስተዋቱ ተበላሸ ማለት ነው። መስተዋቱም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። 18 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነው መስተዋት ደርዘኑ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከአውሮፓ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በባቡርና በበቅሎ ተጓጉዞ የሚመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ በጨለማ ክፍል የሚሠራ ነው። በቀይ መብራት ብቻ መስተዋቱ በመድኃኒት ይታጠባል። ምስሉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነጋቲቭ ነው። ቀጥሎ ብርሃን እንዳያበላሸው በሌላ መድኃኒት ይጸናል፤ በብዙ ውሃም ይታጠባል። ውሃ በእንስራ ተሸክመው በሚያመላልሱበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሲደርቅ በቀጭን እርሳስ የፊት ጉድለት ይስተካከላል። ይህን ዛሬም ፎቶ ቤቶች ሪታች ይሉታል። በመጨረሻ ነጋቲቩ ከወረቀት ጋር ተጣብቆ በፀሐይ ብርሃን ይታተማል። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ሥራው እንደሚጓተት ማሰብ አያዳግትም። በበጋ ደግሞ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከከፍታው የተነሣ ኃይለኛ ስለሆነች የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ትሞላዋለች። ባለሙያው ሰውየውን ወዴት አዙሮ እንደሚያስቀምጠው ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ሥርዓት በንጉሥ ፊት ቀና ብሎ ማየት እንኳ ድፍረት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ንጉሡን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ሳይሆን፣ እጅዎን እንዲህ ያድርጉ፣ ወዲህ ይመልከቱ፣ አይንቀሳቀሱ ማለት ሥራው ነው። ንጉሡም ለጥቂት ሰከንድ የፎቶግራፍ አንሺው ታዛዥ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይፈሩ ነገር ግን ሳይደፍሩ ለመሥራት የሙያ ችሎታ ብቻ አይበቃም። ጨዋነትም ያስፈልጋል። ሙሴ ቤድሮስ በቤተ መንግሥት ለረጅም ዘመን መታመናቸው ሁለቱም እንደ ነበራቸው ይመሰክራል።

የንጉሥ ምስል በንጉሥ ፋንታ

ሙሴ ቤድሮስ በመጡ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የአፄ ምኒልክ ጤና ታወከ። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን ራቁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለብዙ ጊዜ በይፋ አልተነገረም ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕዝቡ ንጉሡን በአካል አያይም፤ ምስላቸው ግን ነበረ። የፎቶግራፍ ሥራ ለደስታ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታወቀ ብንል ማጋነን አይሆንም። በባዕድ አገር ላሉ ነገሥታትና መሪዎችም ከደብዳቤ ጋር የንጉሡ ምስል ይላክ ነበር። ምስሉን ያየ የአውሮፓ ሰው ኢትዮጵያ ባለ ዘውድና ባለ ሥርዓት አገር መሆንዋን ይረዳል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው በአንድ በኩል የእጅ ሙያተኛ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ስሙ የማይጠራ መልእክተኛ ነበር።

ስለ አናብስቱም

ስለ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ሲነሣ የእንስሳቱ ነገር ሳይወሳ አይታለፍም። የነገሥታቱ መጠሪያ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ስለ ነበር አንበሳ በግቢው ውስጥ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው። አናብስቱ የንጉሡ ክብር ምልክትና ለወዳጅ አገር የሚላኩ ስጦታዎችም ነበሩ። አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ የመጣውን የመጀመሪያ መልእክተኛ በ1896 ዓ.ም. ሲያሰናብቱ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አናብስትና የዝሆን ጥርስ ልከዋል። ራስ ተፈሪ መኰንንም በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ስድስት አናብስት ይዘው ሄደው ለእንግሊዝ ንጉሥ፣ ለፈረንሳይ መሪና ለእንስሳት ማቆያ ሰጥተዋል።

ያ ዘመን አልፎም ቢሆን ልማዱ አልቀረም። በ1940 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ተቋቋመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአናብስቱ ሌላ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ በጣም ይወዱ እንደ ነበር፣ በጉዞም አብራቸው ትሄድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንስሳ ፎቶግራፍ ማንሣት ንጉሥ ከማንሣት ይከብዳል። ንጉሥ አይንቀሳቀሱ ሲባሉ ይታገሣሉ፤ አንበሳ ግን ማንንም አይሰማም። ጅራቱን ወዘወዘ፣ ራሱን ነቀነቀ ማለት በቀርፋፋው መስተዋት ላይ ሁለት ራስ ያለው አውሬ ሆኖ ይወጣል።

እነዚያ አናብስት ለጌጥ ብቻ ተራቡ እንዳንል ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳይቶናል። በአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ ከነበሩት 15 አናብስት ደም ተወስዶ ሲመረመር በዘር ከሌሎቹ የአፍሪካ አናብስት የተለዩ ሆነው ተገኙ። ጥቁርና ረጅም ጋማቸው በአሮጌ ፎቶግራፎች ላይም ይታያል። እንግዲህ አሮጌ ፎቶግራፍ ለታሪክ ሰው ብቻ ሳይሆን ለእንስሳት ሐኪምም ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው።

ምስል ሲዋሽ

ፎቶግራፍ ግን እውነትን ብቻ ይናገራል ብሎ ማመን አይገባም። በልጅ ኢያሱ ዘመን የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋናው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። በዚያን ሰሞን የእስላም ጥምጥም ጠምጥመው የተነሡት ነው የተባለ ፎቶግራፍ ይናፈስ እንደ ነበር ተጽፏል። ያ ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው ወይስ ሁለት ምስል አንድ ላይ ተቆራርጦ የተሠራ ነው? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንድ የጨለማ ክፍል መቀስና ሙጫ የአገር ሰላም ሊያናጋ እንደሚችል ነው። በመስተዋት ዘመን ምስልን ለማጣመም ችሎታና ብዙ ሰዓት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ልጅ በእጅ ስልኩ በጥቂት ደቂቃ ያደርገዋል። ስለዚህ ያየነውን ምስል ሁሉ ሳንመረምር ለጓደኛ ማስተላለፍ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከ1909 ዓ.ም. መማር የሚገባን እኛ የዛሬዎቹ ነን።

ከአባት ወደ ልጅ

ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሲሆኑ፣ ሙሴ ቤድሮስ በሥራቸው ላይ ነበሩ። ያ ዘመን ለአርመኖች መራራም ጣፋጭም ነበር። ከትውልድ አገራቸው የእልቂት ወሬ ይመጣል። በዚህ በኩል ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ይኖሩ ከነበሩት ወላጆቻቸውን በእልቂቱ ያጡ ልጆች መካከል አርባውን ተቀብለው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ወጣቶች የማርሽ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ የተዘመረውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ የደረሱ ናቸው።

ሙሴ ቤድሮስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 አረፉ። መጥተው የቀሩባት አገር አፈር መቀመጫቸው ሆነ። ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉትም በዚያው በ1928 መስከረም መጨረሻ፣ ማለትም በኛ 1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የአባትየውን ሥራ ልጃቸው ሃይጋዝ ተረከበ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከመላው ዓለም ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ጎርፈው መጡ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እንኳ በዓሉን በቀለም ፎቶግራፍ አወጣው። እነዚያ ሁሉ በዓሉ ሲያልቅ ወደየአገራቸው ሲመለሱ የቦያጂያን ቤተሰብ ግን በከተማይቱ ቀረ። ሌላው ልጃቸው ቶርኮም፣ በኋላ ቶኒ እየተባለ የሚጠራው፣ በተራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። በአንድ ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ያለው የቤተ መንግሥት ታሪክ በምስል ተያዘ ማለት ነው።

በመካከሉ የጠላት ወረራ መጣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ጊዜም ሆነ በሌሎች ጊዜያት፣ የፋሺስት ወታደሮች የገደሏቸውን ሰዎች ራሳቸው ፎቶግራፍ እያነሡ ለማስታወሻ ይይዙ ነበር። ለትምክህት ያነሡት ምስል ኋላ ተመልሶ የገዛ ራሳቸውን ወንጀል የሚመሰክር ማስረጃ ሆነባቸው። ካሜራ በማን እጅ እንዳለና ለምን እንደ ተነሣ መጠየቅ እንደሚገባ ይህም ያስተምረናል። ሙሴ ቤድሮስ የሰውን ክብር ለማሳየት ያነሡ ነበር፤ እነዚያ ደግሞ የሰውን ውርደት ለማሳየት አነሡ። መሣሪያው ግን አንድ ዓይነት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ዘውዱ ሲወድቅ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነትም አብሮ አበቃ። ከአርመን ማኅበረሰብ ብዙው ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። ሆኖም የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በአዲስ አበባ ቆሞ ይታያል።

ለኛ ለንፋስ ስልክ ወጣቶች

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ታሪክ ከኛ ሰፈር ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። እኛ የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በዘመኑ አዲስ ከነበረ ጥበብ ነው። ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚሄደውን የራዲዮ ቴሌግራፍ ያዩ አባቶቻችን፣ ነገሩ በነፋስ የሚሄድ ስልክ መስሎ ቢታያቸው ጣቢያው የቆመበትን ስፍራ ንፋስ ስልክ አሉት። ፎቶግራፍም እንደ ቴሌግራፉ ከሩቅ የመጣ፣ ብዙዎችን ያስደነቀ፣ አንዳንዶችንም ያስፈራ ጥበብ ነበር። ዛሬ ግን በሳሪስም፣ በጎፋም፣ በመካኒሳም፣ በላፍቶም ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ ፎቶ ቤት አይጠፋም። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ የተነሣናት ያቺ ትንሽ ጉርድ ፎቶ የሙሴ ቤድሮስ ሥራ የልጅ ልጅ ናት።

ከዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሙሴ ቤድሮስ የብዙ ሰው መልክ አቆይተው የራሳቸው ስም ከብዙዎች ዘንድ ጠፋ። ከድሮዎቹ ፎቶግራፎች ስንቶቹ ጀርባቸው ባዶ ነው! ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳነሣው አልተጻፈባቸውም። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የታወቀ ሰው ዛሬ ስም የሌለው ሽማግሌ፣ ስም የሌላት እመቤት ሆኖ በሣጥን ውስጥ ይኖራል።

በየቤታችን እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች አሉ። በቆርቆሮ ሣጥን፣ በመጽሐፍ መካከል፣ በግድግዳ ላይ ከመስተዋት ሥር አሉ። አያቶቻችን አይተው እገሌ ነው፣ እገሊት ናት፣ ይህ በእንዲህ ያለ ዓመት በእንዲህ ያለ ሠርግ ላይ ነው ብለው ሊነግሩን ይችላሉ። እነርሱ ሲያልፉ ግን የሚነግረን የለም። ስለዚህ ሁላችን በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብናደርግ መልካም ነው። ከቤታችን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ እናውጣ፤ ከአያት፣ ከአባት ወይም ከእናት አጠገብ እንቀመጥ፤ የሚነግሩንን ስም፣ ዓመትና ስፍራ እንስማ። ከዚያም ምስሉን እንዳይጎዳ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ላይ እንጻፈው። ያነሣውን ሰው ስም የሚያስታውስ ካለም ጨምረን እንጻፍ።

ሙሴ ቤድሮስ ከሩቅ አገር መጥተው፣ መስተዋት በበቅሎ ጭነው፣ በጨለማ ክፍል ቆመው የአባቶቻችንን መልክ አቆዩልን። እኛ ደግሞ እርሳስ ይዘን በቤታችን ቁጭ ብለን ስማቸውን ማቆየት ሊያቅተን አይገባም። መልኩ ቀርቶ ስሙ የጠፋ ሰው በግማሽ የተረሳ ነውና።